የጎርፍ ኢንሹራንስ ውልን ስለ ማቋረጥ



በደብረ ታቦር አካባቢ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች የሚነሡበት ነው። በክረምት፣ ይልቁንም ቡሄ በሚጨፈርበት በነሐሴ ወር፣ ሁለቱ ወንዞች የደጋውን ውሃና አፈር ጠራርገው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ። ሜዳው ለጥ ያለ በመሆኑ የውሃው ሩጫ ይቀንሳል፤ የተሸከመው ደለል በወንዙ ቦይ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውም ከዳር ዳር ሞልቶ ወደ ማሳውና ወደ መኖሪያው ይፈስሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰዎችን ከቤታቸው ማፈናቀሉ የሚታወስ ነው።

በደጋው ላይ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ይህን የሜዳ ሰው ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከደመወዙ አጠራቅሞ ወይም ከባንክ ተበድሮ በወረታ ከተማ የሚከራይ ቤት የሠራ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ የእርሱም ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን ኢንሹራንስ አግብቶ ሳለ፣ ጭቃው ደርቆ ርብም ቀጥኖ በሚታይበት በጥር ወር፣ የከፈለው ገንዘብ በከንቱ የባከነ ይመስለዋል። ውሉን ለማቋረጥ የሚያስበውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ውል እንዴት እንደሚቋረጥና የኢንሹራንስ ወኪል ምን ማድረግ እንደሚገባው ቀጥለን እናስረዳለን።

በአገራችን ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት፣ ከ1986 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች፣ በብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪነት ይሠራሉ። የጎርፍ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ለብቻው አይሸጥም፤ በእሳትና በመብረቅ አደጋ ውል ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚታከል ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አስቀድመህ ውልህን አውጥተህ ጎርፍ የሚለው ቃል በውስጡ መጻፉን ተመልከት። ያልገባህበትን ዋስትና ልታቋርጥ አትችልምና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። በጽሑፍ የታሰረውን በቃል እፈታለሁ ማለት ጠብ ያመጣል። ወኪሉን በመንገድ አግኝቶ «ከእንግዲህ ይቅርብኝ» ማለት ውል ማቋረጥ አይደለም። ወኪል የኩባንያው መልእክተኛ እንጂ ኩባንያው ራሱ ስላልሆነ፣ ትጉህ ወኪል ደንበኛውን በጽሑፍ እንዲያመለክት ያደርገዋል። በማመልከቻውም ላይ የውሉ ቁጥር፣ የንብረቱ አድራሻ፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ሊገለጽ፣ የባለቤቱም ፊርማ ሊኖርበት ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቤቱ በመያዣነት ተይዞ እንደ ሆነ ነው። አበዳሪ ባንክ ብዙ ጊዜ ንብረቱ በኢንሹራንስ እንዲጠበቅ በብድሩ ውል ያስገድዳል። ባንኩ ሳያውቅ ውሉን ያቋረጠ ሰው የብድሩን ውል አፈረሰ ማለት ነው። ጎርፍ ቢመጣ ደግሞ ቤቱ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

ሦስተኛው ጉዳይ የገንዘቡ ተመላሽ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ለዓመት 1 ሺህ 2 መቶ ብር ከፍሎ ሦስት ወር ቢያልፍ፣ በቀን ተሰልቶ 9 መቶ ብር ይመለሳል። ይህ ስሌት በተለመደው አሠራር ኩባንያው ራሱ አስቀድሞ አስታውቆ ውሉን ሲያቋርጥ የሚሠራበት ነው። ያቋረጠው ደንበኛው ሲሆን ግን ኩባንያው ለአጭር ጊዜ ዋስትና የተወሰነውን ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚይዝ፣ የሚመለሰው ከ9 መቶ ብር ያነሰ ይሆናል። መልካም ወኪል ይህን ሂሳብ ከፊርማው በፊት ያስረዳል እንጂ ከፊርማው በኋላ አያስደንቅም።

መንግሥት ራሱ የጎርፍ ዋስትና በቆመበት አገር ሥርዓቱ ከዚህ የጠበቀ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ አቋቁሟል፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የግል ኩባንያዎች ውሉን በስማቸው ይሸጣሉ፤ የካሳው ኃላፊነት ግን የመንግሥት ነው። በዚያ አገር ዓመቱ ሳያልቅ «አልፈልገውም» ማለት ብቻውን ገንዘብ አያስመልስም። ቤቱ መሸጡን፣ መፍረሱን፣ ወይም በአንድ ቤት ላይ ሁለት ውል መኖሩን የመሰለ በደንቡ የታወቀ ምክንያት ያስፈልጋል። ወኪሉ የተወሰነውን ቅጽ ሞልቶ፣ ባለቤቱን አስፈርሞ፣ ማስረጃውን አያይዞ ለኩባንያው ያቀርባል፤ በራሱ ሥልጣን ግን አይሰርዝም። ምክንያቱም ሰው ሁሉ በበጋ እየወጣ በዝናብ ጊዜ ቢመለስ የካሳው ገንዘብ ከየት ይገኛል? ስለዚህም ነው በዚያ አገር አዲስ ውል በጠቅላላው ከ30 ቀን በኋላ የሚጸናው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ለጎርፍ ብቻ የቆመ የመንግሥት ዋስትና የለም። ስለዚህ ጥንቃቄው በባለንብረቱና በወኪሉ ላይ ይወድቃል። ቤትህን ሸጠህ ወይም ሌላ ውል ገብተህ ከሆነ ማቋረጥህ አግባብ ነው፤ አዲሱ ውል የሚጸናበትን ቀን ግን ከአሮጌው ማብቂያ ጋር አገናኝ፤ በመካከል አንድ ሌሊት እንኳ ባዶ አይሁን። ምክንያትህ የክፍያው ክብደት ብቻ ከሆነ ግን፣ ከመፈረምህ በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ ወኪሉን ጠይቀው። ከፈረምህም መሰረዙን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ተቀብለህ ከብድር ወረቀትህ ጋር አስቀምጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው። በጥር የተጻፈች አንዲት ፊርማ በነሐሴ ቤተ ሰብን ያለ መጠለያ ልታስቀር ስለምትችል፣ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ውልህን ደግመህ አንብብ።