ፏፏቴ ሥር ከመዋኘት በፊት

ሐምሌና ነሐሴ ሀገር ቤት ወንዝ የሚሞላበት፣ ልጅ ውሃ ዳር እንዳይደርስ የሚከለከልበት ጊዜ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው ወገናችን ግን በእነዚሁ ወራት ወበቁ ያንገበግበዋል፤ ቅዳሜ ሲሆን ቤተሰቡን ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ ከሚደረስባቸው ቦታዎች አንዱ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሸነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው ኋይትኦክ ካንየን ነው።

በታችኛው መግቢያ የገባ ሰው ወንዙን ተከትሎ በጫካው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ሲል የመጀመሪያውን ፏፏቴ ያገኛል። በጠቅላላው ስድስት ናቸው፤ ትልቁ፣ የላይኛው፣ 26 ሜትር ያህል ይወርዳል። ልጆች ይዘው ከሆነ ስድስቱንም ካላየሁ አይበሉ። ዳገቱ ቀላል አይደለም፤ መመለሻውም ጉልበት ይፈትናል።

ከፏፏቴ ሥር ያለውን ኩሬ የሚቆፍረው ራሱ ውሃው ነው። ከላይ ሲወርድ ጠጠርና አሸዋ እያሽከረከረ ዓለቱን ለሺህ ዓመታት ይቦረቡረዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጥልቁ ቦታ ፏፏቴው የሚያርፍበት ነው። እዚያ የሚታየው ነጭ አረፋ ለፎቶ ያምራል፤ ለዋና ግን ከእሱ የከፋ ቦታ የለም። አየር የበዛበት ውሃ እንደ ረጋ ውሃ ሰውን አያንሳፍፍም፤ የሚወርደውም ቁልቁል ይጫናል። ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ ማለት እዚያ ብዙም አያዋጣም።

ቅዝቃዜውም አለ። ላብ በላብ ሆነው ዘለው ከገቡ ሰውነት ይደነግጥና ሳይፈልጉ በኃይል አየር ይስባሉ፤ አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። ከዳር ሆነው ቀስ ብለው ይግቡ፤ ትንፋሽዎ እስኪረጋጋ ይቁሙ። ከድንጋይ ላይ መወርወር ይቅርብዎ፤ ጎርፍ ከሥር ያለውን ቋጥኝ ስለሚያንከባልለው ዓምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የኩሬውን መውጫ ነው። ፏፏቴዎቹ በአንድ ወንዝ ላይ ስለተደረደሩ፣ ከአንዱ ኩሬ የሚወጣው ውሃ ወርዶ የሚቀጥለው ፏፏቴ አናት ላይ ይደርሳል። ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ውሃ መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ዓለት ግን አልጌ ለብሶ ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ያዳለጠው ሰው የሚይዘው ነገር አያገኝም። በዚያ በኩል አይሻገሩ፣ ልጅም አያስጠጉ።

ነጎድጓድ ከሰሙ ወይም ውሃው መደፍረስ ከጀመረ ቶሎ ይውጡ። በሸለቆው ስልክ እንደልብ ስለማይሠራም፣ ከቤት ሳይወጡ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለሰው ይንገሩ።