ለአንድ ኪሎ ማር አራት ሚሊዮን አበባ

የሰቆጣ ነጭ ማር ተወደደ እያለ የሚከራከር ገዢ ከጀርባው ያለውን ሒሳብ ቢያውቅ አፉን ይዞ ይከፍል ነበር። አንድ ኪሎ ማር ለማግኘት ንቦች ወደ 4 ሚሊዮን ጊዜ አበባ ላይ ማረፍ አለባቸው ተብሎ ይገመታል። በድምሩ የሚበሩት ደግሞ ወደ 150,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል፤ ምድርን አራት ጊዜ ሊዞሩ ጥቂት ይቀራቸዋል ማለት ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ በሥራ ወቅት ስድስት ሳምንት ገደማ ኖራ የምታበረክተው የሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛ እጅ ብቻ ነው። ለአንድ ኪሎ የሚያስፈልገው የአበባ ጉብኝት አገራችን በዓመት ታመርተዋለች በሚባለው 50,000 ቶን ግድም ማር ሲባዛ፣ 2 ተጽፎ 14 ዜሮ ይከተለዋል።

ይህን ሁሉ ንቧ የምትሠራው ደግሞ ዐይኗ እንደኛ ሳይጠራ ነው! በእያንዳንዱ ትልቅ ዐይኗ 5,000 ያህል ጥቃቅን ሌንሶች ቢደረደሩም፣ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን አበባ የምታየው 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቀራት ነው። ቀለሙን ለመለየት ደግሞ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር መጠጋት አለባት። ቀይ ለእሷ ጨለማ ነው፤ በምትኩ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ታያለች። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሚመስሉ ብዙ አበቦች ለእሷ መሐላቸው ጠቁሮ ቅስሙ ያለበትን ይጠቁማሉ። ንብ ቀለም እንደምትለይ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1914 እ.ኤ.አ. በሙከራ አሳይቷል።

ስለዚህ ብቻውን የቆመ አበባ በቀላሉ ያመልጣታል። የሰቆጣ ማር ነጭ በመሆኑ የሚመሰገነው መንጠሴ የተባለው ቁጥቋጦ ተዳፋቱን ሞልቶ ሲያብብ ግን ከሩቅ ይታያታል። ጓሮ ውስጥ አበባ የሚተክልም እዚህም እዚያም ከሚበትን አንድ ላይ ቢያጉር ይሻለዋል።

ከጓሮ አትክልት የምታስገርመኝ ዱባ ናት። አበባዋ 10 ሳንቲ ሜትር ከሰፋ ንቧ ከአንድ ሜትር ርቀት ታየዋለች። ጊዜ ግን የለም፤ ጎሕ ሲቀድ የተከፈተው አበባ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይከደናል፣ ዳግም አይከፈትም። ወንዴው ለብቻው፣ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ የምትወጣው ሴቴ ለብቻዋ ስለሆኑ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ነፍሳት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፍሬ የራሱን ብናኝ ይፈልጋል፤ 300 ፍሬ ያላት ዱባ በዚያች ጠዋት ቢያንስ 300 ብናኝ ተቀብላለች። ያልደረሳት ቢጫ ሆና ትረግፋለች፤ ባለቤቷም ብዙ ጊዜ ውኃ አነሳት ይላል።