ለጥናታዊ ጽሑፍ የሚሆን የፊዚክስ ሙከራ እንዴት ይመረጣል?

ለፊዚክስ ጥናታዊ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «የፀሐይ ኃይል ጥቅም»ን ወይም «የኑክሌር ኃይል»ን የመሰለ ሰፊ ርዕስ ይዘው ይነሳሉ። በእንዲህ ያለ ርዕስ ተማሪው ራሱ የሚለካው ነገር ስለማይኖር ጽሑፉ ከመጻሕፍት የተለቀመ ቅጂ ሆኖ ይቀራል። ከርዕሱ ስፋት ይልቅ መቅደም የሚገባው ጥያቄ «በእጄ ያለው መሣሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ይችላልን?» የሚለው ነው። ይህም ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል።

ፔንዱለምን እንመልከት። ብዙዎች የጀማሪ ሙከራ ነው ብለው ይንቁታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ንቀቱ አይገባውም። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 በደቡብ አሜሪካ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ በምትገኘው ካየን ሳለ፣ በፓሪስ የተስተካከለው የፔንዱለም ሰዓት በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀር ተገነዘበ። ኒውተንም እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው «ፕሪንሲፒያ» ምድር በወገቧ በኩል ያበጠች መሆኗን ለማስረዳት ይህን ምልከታ ተጠቅሞበታል።

አዲስ አበባም ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗ በላይ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በመሆኑም በመማሪያ መጻሕፍት 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ተብሎ የሚሰጠው የስበት መጠን በዚህች ከተማ 9.77 ገደማ ነው። ልዩነቱን በክርና በሰዓት ማየት ይቻላልን? አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም በመጽሐፉ ቁጥር መሠረት 100 ደርሶ መልስ ለመወዛወዝ 200.6 ሰከንድ፣ በአዲስ አበባው ቁጥር ግን 201.0 ሰከንድ ይወስዳል። ስቶፕዎች የሚጫን እጅ 0.2 ሰከንድ ያህል ቢዘገይ ወይም ቢቀድም እንኳ፣ ልኬቱን አሥር ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድ ልዩነቱን ለመለየት ያስችላል።

«የድሬዳዋ ስበት ከአዲስ አበባ ይበልጣልን?» የሚለው ጥያቄ ተመሳሳይ ይመስላል። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ ከ0.004 ብዙም አይበልጥም፤ ይህም በ100 ደርሶ መልስ 0.04 ሰከንድ ብቻ ነው። በእጅ ለሚለካ ተማሪ ይህ ርዕስ ከጅምሩ የተዘጋ ነው።

ክፍት የሆነውም ጥያቄ ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በክሩ ርዝመት ላይ የ4 ሚሊ ሜትር ስህተት ብቻ ቢፈጠር የምንፈልገውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የተንጠለጠለው ዕቃ የክብደት ማዕከል በትክክል የት እንዳለ ማወቅ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በአንድ ርዝመት ከመወሰን ይልቅ አምስት ወይም ስድስት ርዝመቶችን ወስዶ የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜን ካሬ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ማስቀመጥ ይበጃል። በሁሉም ርዝመቶች ላይ እኩል የገባ ስህተት መስመሩን ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ስሎፑን አይለውጠውም፤ የስበት መጠኑ የሚገኘውም ከስሎፑ ነው።

የመነሻው ማዕዘን የበለጠ ያታልላል። ፔንዱለሙ ከ10 ዲግሪ ቢለቀቅ ጊዜው በ0.19 በመቶ ይረዝማል፤ እኛ የምንፈልገው ልዩነት ደግሞ 0.2 በመቶ ነው! ትክክለኛ መልስ ያገኘ የሚመስለው ተማሪ የለካው ማዕዘኑን ሊሆን ይችላል። ከ3 ዲግሪ ባያልፍ መልካም ነው።

ለተንጠልጣዩ የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል፤ ከባድና ትንሽ ነውና። የናይለን ክር ስለሚለጠጥ ርዝመቱ መለካት ያለበት ቱንቢው ከተንጠለጠለ በኋላ ነው። ቆጠራው «ዜሮ» ተብሎ ይጀመር፤ «አንድ» ብሎ የጀመረ ሰው 99 ደርሶ መልስ ለክቶ 100 ብሎ ይመዘግባል፤ የስበት መጠኑም በ2 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣበታል።