ማገዶ ሳይጨምሩ ቤትን ማሞቅ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ በጉና ተራራ ግርጌ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። በዚህ ወቅት ለማገዶና ለከሰል የሚወጣው ገንዘብ የምእመናንን ጓዳ ይፈትናል፤ የቤተ ክርስቲያን ደንም ለምሳር ይጋለጣል። ሆኖም በጥቂት ድካም ወጪውን መቀነስ ይቻላል።

አንደኛ፣ እንጨት ተፈልጦና ከዝናብ ተጠልሎ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ከሙቀቱ ከፊሉን የሚያባክነው በውስጡ ያለውን ውኃ ለማትነን ነው፤ ጢሱም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ በጭድና በጭቃ ይመረግ፤ የበሩ ሥር ክፍተትም ሌሊት በአሮጌ ጨርቅ ይደፈን። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በቆርቆሮ በተከደነ ቤት እሳት በማይነድበት የመኝታ ክፍል ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ ቢወጠር ሙቀቱ አያመልጥም።

ሦስተኛ፣ እንጀራ በአንድ ጊዜ በርከት ተደርጎ ይጋገር፤ በጉልቻ ፋንታ «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ቢተከል ከማገዶው እስከ ግማሽ ድረስ ያተርፋል። የፈላ ውኃም በፔርሙዝ ይቀመጥ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ክፍተቱ በተደፈነ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ለሞት ይዳርጋል፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውምና። ስለዚህ ፍሙ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።

የሰበካ ጉባኤያት ይህን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ቢያሰሙ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም የአረጋውያንንና የአብነት ተማሪዎችን ጎጆ በጋራ ቢመርጉ፣ ብርዱ ሳይበረታ ብዙ ቤት ይታደጋሉ።