የኤሌክትሪክ ሕክምና በድባቴ በተያዘ አንጎል ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሕመምተኛዋ በማደንዘዣ እንቅልፍ ወስዷታል። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ የደም ግፊት መለኪያ ተጠምጥሟል። ጡንቻ የሚያላላው ሱክሲኒልኮሊን የተባለው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነርሷ መለኪያውን በአየር ትወጥረዋለች፤ በዚህም መድኃኒቱ ከዚያ በታች ወዳለው የእግር ክፍል እንዳያልፍ ታግደዋለች። ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ በተለጠፉት ኤሌክትሮዶች በኩል ለጥቂት ሰከንዶች የኤሌክትሪክ ምት ይለቀቃል። መላ ሰውነቷ ጸጥ ብሎ ያ እግር ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ እግሩንና የአንጎሏን ሞገድ የሚያሳየውን የኢኢጂ መስመር እያየ ሰዓት ይይዛል። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ያበቃል፤ እሷም ከደቂቃዎች በኋላ ትነቃለች።

በምኅጻሩ ኢሲቲ የሚባለው ሕክምና ዛሬ የሚሰጠው በዚህ መልክ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራበትን ፊልም ነው፤ እዚያ ላይ ሕመምተኛው ሳይደነዝዝ፣ በጉልበት ተይዞ ይንፈራገጣል። ያ ምስል ያሳደረው ፍርሃት ብዙ ጉዳት አድርሷል። መድኃኒት አልሻል ላላቸው፣ እህል ውኃ እስከ መተው ለደረሱ፣ የሌለ ድምፅ ለሚሰማቸው የከባድ ድባቴ ሕሙማን ከዚህ የሚበልጥ ኃይል ያለው ሕክምና ማግኘት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጥናቶች ግምገማም ከአስመሳይ ሕክምናም ሆነ ከመድኃኒት የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል።

የሚገርመው መነሻው ስህተት መሆኑ ነው። የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሜዱና የሚጥል በሽታና ስኪዞፍሬኒያ አንድ ሰው ላይ አብረው አይኖሩም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1934 ቡዳፔስት ውስጥ ሕሙማንን ካምፎር እየወጋ ሆን ብሎ ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይ ኡጎ ቸርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ የሚወጋውን ኬሚካል በኤሌክትሪክ ተኩት። ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሊከሰቱ እንደሚችሉ በኋላ ታወቀ። ሕክምናው ግን ሠራ፤ ከሁሉ በላይ የበጀውም ለድባቴ ሆነ።

ታዲያ የሚያድነው ኤሌክትሪኩ ነው ወይስ መንቀጥቀጡ? ስዊድናዊው ያን-ኦቶ ኦቶሶን እ.ኤ.አ. በ1960 ሊዶካይን በተባለ መድኃኒት መንቀጥቀጡን ሲያሳጥረው የሕክምናው ጥቅም ቀነሰ። ለረጅም ጊዜ መልሱ ይህ መሰለ፤ መንቀጥቀጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን በአሜሪካ የሃሮልድ ሳካይም ቡድን ነገሩን እንደገና አነሳው። አነስተኛ ኤሌክትሪክ በቀኝ የጭንቅላት ጎን ብቻ የተሰጣቸው ሕሙማን በትክክል ተንቀጥቅጠዋል፤ የተሻላቸው ግን 17 በመቶ ብቻ ናቸው። በሁለቱም ጎን ከተሰጣቸው ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ተሻላቸው። መንቀጥቀጥ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ኤሌክትሪኩ በየት በኩልና በምን ያህል መጠን እንዳለፈ ይወስናል።

ወደ ኬሚስትሪው ስንመጣ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች የታወቁት የነርቭ መልእክተኞች ናቸው፤ ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን። ኢሲቲ ሦስቱንም ይነካል። ለዶፓሚን ጥሩው ማስረጃ የተገኘው ከድባቴ ውጭ ነው። ፓርኪንሰን የዶፓሚን እጥረት በሽታ ነው፤ ድባቴ የሌለባቸው የፓርኪንሰን ሕሙማን እንኳ ከኢሲቲ በኋላ እንቅስቃሴያቸው ለጊዜው ይቀላቸዋል። የሴሮቶኒኑ ታሪክ ጠመዝማዛ ነው። በአይጦች አንጎል ውስጥ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አንድ ዓይነት የሴሮቶኒን ተቀባይን ያበዛል፤ የድባቴ መድኃኒቶች ግን ያንኑ ተቀባይ ይቀንሳሉ። በሰው ላይ ፔት በተባለው የአንጎል ምስል ምርመራ ሲታይ ደግሞ ከኢሲቲ በኋላ ተቀባዩ ቀንሶ ተገኘ። አይጥ የነገረንን ሁሉ ሰው ላይ መጫን እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉ ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለው ፍንጭ ግን ጋባ የተባለው ኬሚካል ነው። ጋባ የነርቭ ሴሎችን ጩኸት ዝም የሚያሰኝ የአንጎል ፍሬን ነው። መንቀጥቀጥ ሲነሳ አንጎል ዝም ብሎ አያይም፤ ፍሬኑን ረግጦ ያስቆመዋል። ሕክምናው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም ፍሬኑ እየጠነከረ ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን በየዕለት ሥራቸው ያዩታል፦ መንቀጥቀጥ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ እየጨመረ፣ መንቀጥቀጡም እያጠረ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥቂት የድባቴ ሕሙማንን በመግነጢሳዊ መሣሪያ ለክተው በአንጎላቸው የኋለኛ ክፍል የጋባ መጠን ከሕክምናው በኋላ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። እንዲያውም ኢሲቲ በመድኃኒት አልቆም ያለ የሚጥል በሽታን ለማስቆም ያገለገለባቸው ጊዜያት አሉ።

ከስኮትላንድ አበርዲን የመጣው ግኝትም ከዚህ የፍሬን ሐሳብ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ያካተተው ዘጠኝ ሕሙማንን ብቻ ነው። በግራ በኩል ባለው የአንጎል የፊት ክፍል ከመጠን በላይ የጠበቀው የእርስ በርስ ግንኙነት ከሕክምናው በኋላ ላላ ብሎ ታይቷል።

ሌላው መንገድ እድገት ነው። ቢዲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን የነርቭ ሴሎችን ይመግባል፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡም ይረዳል። ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ በአይጦች አንጎል ውስጥ የትውስታና የስሜት ማዕከል በሆነው ሂፖካምፐስ የዚህን ፕሮቲን ምርት እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1995 ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ የስዊድን ተመራማሪዎች እዚያው አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ሲወለዱ አዩ። በሰውም ላይ በኤምአርአይ ሲታይ ሂፖካምፐስ ከሕክምናው በኋላ ይፋፋል። ደስታው ግን ቶሎ በረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ምስሎች ሲመረመሩ፣ ሂፖካምፐሱ ይበልጥ የፋፋለት ሰው ይበልጥ የተሻለው ሆኖ አልተገኘም። ለውጡ እውነት ነው፤ ፈውሱ እሱ ነው ለማለት ግን አያስደፍርም።

ዋጋውንም መደበቅ አይገባም። ሕሙማን ስለ ሕክምናው ሰሞን፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ስለነበሩት ወራት ያላቸው ትውስታ ይጠፋል። አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ የጠፋ የግል ትዝታ ግን ላይመለስ ይችላል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ የማይክል ዱካኪስ ባለቤት ኪቲ ዱካኪስ ሕክምናውን እ.ኤ.አ. በ2001 ጀምራ ሕይወቴን መለሰልኝ ብላ በአደባባይ የተሟገተች ሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ ግን ትዝታዎቿን እንደነጠቃትም አልሸሸገችም። ሕመምተኛና ቤተሰብ ሁለቱንም ሰምተው መወሰን አለባቸው።

ሐኪሞች አጥብቀው የሚያሳስቡት አንድ ነገር አለ፤ ተሽሎኛል ብሎ ክትትሉን አለመተው። የሳካይም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት፣ ከኢሲቲ በኋላ አስመሳይ ክኒን ብቻ ከወሰዱት ውስጥ 84 በመቶው በስድስት ወር ጊዜ ድባቴው አገረሸባቸው፤ ኖርትሪፕቲሊንና ሊቲየም የተባሉትን መድኃኒቶች አብረው ከወሰዱት ግን 39 በመቶው። ስለዚህ ሕክምናውን የጨረሰ ዘመድ ያለው ሰው፣ ሳቁ በተመለሰበት ሳምንት መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አጠገቡ ይቁም።