ዘግይቶ የደረሰ ደራሲ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በየካ ክፍለ ከተማ ወደምኖርበት ወረዳ ጽሕፈት ቤት መታወቂያዬን ለማሳደስ ሄጄ ነበር። ቅጹን የምትሞላው ወጣት ስሜንና ዕድሜዬን ከጻፈች በኋላ፣ «አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 34 ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝና ደብዳቤ ሳረቅ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከእነዚያ ዓመታት የመጨረሻዎቹን 11 ግን ማታ ማታ፣ ለባለቤቴ እንኳ ሳላስነብብ፣ አንድ ረጅም ታሪክ ስጽፍ አሳልፌአለሁ። አንድ ቃል አፌ ላይ መጣና አፈርሁ። «ጡረተኛ በይው ልጄ» አልኋትና ወጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ያሳፈረኝ ቃል «ደራሲ» የሚለው ነው። ጸሐፊ መባል ቀላል ነው፤ መሥሪያ ቤት ይቀጥራል፣ ደመወዝም ደረጃም አለው። ደራሲ ግን የሹመት ደብዳቤ የለውም። ታዲያ ሰው ራሱን በዚህ ስም ለመጥራት የሚደፍረው መቼ ነው? ፀጉር ከሸበተ በኋላስ ይህን ማሰብ ከንቱ ምኞት አይደለምን?

ነገሩ ሲከነክነኝ አድሮ በማግሥቱ በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለው ዳገት ለጉልበት የሚራራ አይደለም። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች መንገድ እየለቀቅሁ፣ በባሕር ዛፉ መካከል እያረፍሁ ጫፉ ላይ ደረስሁ። ከዚያም ወደ እንጦጦ ራጉኤል ዘልቄ ከደብሩ ግቢ ተቀመጥሁ። ወደዚህ ቦታ የመጣሁት በከንቱ አልነበረም።

በዚህ ደብር በወጣትነታቸው የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ከቀደሙት ሥራዎቻቸው አንዱ ልብ ወለድ አልነበረም፤ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ ነበር። ማለትም የራሳቸውን ታሪክ ከማውጣታቸው በፊት የሌሎችን መጻሕፍት ቆጥረዋል። «ወዳጄ ልቤ» በ1915 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜአቸው ከ40 አልፎ ነበር፤ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ ከ50 አልፎ ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩት ከመንግሥት ሥራ ሳይለዩ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው በቅኔ ትምህርት ቤቶች አደጉ፤ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ፤ ከዚያም አስተማሪ ሆኑ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘምተው ከራስ እምሩ ጋር ተማረኩና በጣሊያን ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም 56 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ ጡረታውን ያሰላል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እስፔናዊው ሰርቫንቴስ በአልጀርስ አምስት ዓመት በምርኮ ኖሯል፤ ወደ አገሩ ተመልሶም ለመንግሥት እህልና ግብር ሲሰበስብ ቆይቷል። «ዶን ኪሆቴ» የተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል በ1605 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲወጣ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር።

ራጉኤል ግቢ ተቀምጬ ስለ ቃሉ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። አማርኛችን መንገደኛው ያሰበበት ሲገባ «ደረሰ» ይላል፤ የገበሬው እህል ሲበስልም «ደረሰ» ይላል፤ መጽሐፍ ለሚጽፍም ያው «ደረሰ» ነው። እንግዲህ ድርሰት ጊዜውን ጠብቆ የሚበስል ከሆነ፣ መዘግየት ለምን ነውር ይሆናል?

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሳችንን እንዳናታልል። ያልተዘራ እህል መቼም አይደርስም። ሐዲስ በወጣትነታቸው፣ ደብረ ማርቆስ ሲያስተምሩ፣ ቲያትር ጽፈዋል፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ዘግይቶ ታላቅ ሥራ አወጡ እንጂ ዘግይተው ብዕር አላነሡም። በኋላም አልተኙም፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። ያን ጊዜ 80 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

ስለዚህ በየቢሮው ፋይል የምታገላብጡ ወጣቶች፣ ሥራው ጊዜዬን በላብኝ ብላችሁ አትማረሩ። በእጃችሁ የሚያልፈው አቤቱታ ሁሉ የሰው ታሪክ ነው። ያየነውን ሰው፣ የሰማነውን ንግግር ማታ በደብተር የማስፈር ልማድ ብቻ አይቅርብን። የጻፍነውንም ለሰው ለማሳየት እንድፈር። እኔን የጎዳኝ ይህ ነው።

ከእንጦጦ በወረድሁበት ማታ ደብተሩን አውጥቼ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ቡናዋን እያፈላች አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ አዳመጠች። በመጨረሻ፣ «ሰውዬ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ሰው የሚናገረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው የሚናገሩት» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቷን ነበር፤ 34 ዓመት ሙሉ የጻፍሁት ደብዳቤ ብዕሬን ገርቶታል። በነጋታው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። አሁን ገበያተኛዋ እንደ ገበያተኛ፣ ቄሱም እንደ ቄስ መናገር ጀምረዋል።

መታወቂያዬ ላይ ዛሬም «ጡረተኛ» የሚል ተጽፏል። ይሁን። በሚቀጥለው እድሳት ያቺ ልጅ ሥራዬን ብትጠይቀኝ ግን መልሱን ሳላፍር እነግራታለሁ።