የመንዝ ሠርግ፦ ፎቶው ሒሳብ ይዘጋል፣ ቪዲዮው ገንዘብ ይይዛል

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ባሉት ሳምንታት መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ ካሜራ የያዘ ሰው ሥራ አይፈታም። ጾሙ ሲገባ 55 ቀን ሠርግ የለም። ፎቶ አንሺው አልበሙን አስረክቦ ቀሪውን ተቀብሎ ሲያርፍ፣ ቪዲዮ የተዋዋለው ግን ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው ገና ያኔ ነው። ለመሆኑ ሁለቱን ሥራ በአንድ ዋጋ መዋዋል ማንን ያዋጣል?

ሒሳቡን እንየው። ሁለት ካሜራ 6 ሰዓት ቢቀርጽ 12 ሰዓት ምስል ነው። ምንም ሳይቆርጡ አይቶ ለመጨረስ ብቻ አንድ የሥራ ቀን ተኩል ይፈጃል። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀዳ ከሆነ 270 ጊጋባይት ቦታ ይበላል። 1 ሺህ ፎቶ፣ እያንዳንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን፣ 25 ጊጋባይት ነው። ይህን ልዩነት ሀርድ ዲስክ ሻጮች ከባለሙያዎቹ ቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም።

የአገሩም ጠባይ አለ። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ደጋ ብርዱ ባትሪ ያደክማል። ፎቶ አንሺ በየመሀሉ ካሜራውን ያጠፋል፤ ቀራጩ ግን ባትሪ ሲቀይር ያለፈው አይደገምለትም። ጥቁር በርኖስ ከነጭ ነጠላ ጎን ሲቆም አንዱ ይጨልማል ወይም ሌላው ይነጣል። ፎቶውን አንድ በአንድ ማቃናት ይቻላል፤ ቪዲዮው ግን ሠርገኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል። ዳሱን የሚያበራው ጄኔሬተርም ለፎቶ ብርሃን፣ ለቪዲዮ ግን የሽማግሌውን ምርቃት የሚውጥ ጩኸት ነው። ምርቃት ያልተሰማበት የሠርግ ፊልም ምን ይረባል?

ኤዲተሩ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ከሆነ ያን ሁሉ ክምር በስልክ ኢንተርኔት መላክ አይታሰብም፤ በመኪና፣ በሰው እጅ ይሄዳል። መንገድ በተዘጋ ቀን ሥራውም ይዘጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማሳወጅ የደረሰው የክልሉ ግጭት ይህን ለብዙ ነጋዴ አሳይቷል።

ስለዚህ ውሉ ይለይ። የፎቶው ለብቻ፤ የቪዲዮው ቅብድ ቀረጻው ቀን፣ ሁለተኛው ክፍያ የመጀመሪያው ቅጂ ሲታይ። አንድ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት ይታሰብ። «አጎታችን ተቆርጠዋል» ብሎ የሚመለስ ቤተሰብ ፋሲካ ሳይደርስ አይቀርም።